ከአደባባዩ መልስ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው፤ ስለ ምርጫ ቅስቀሳ ሰልፍ። ሰልፍ የወጡ፣ ሊያዘጋጁ ያሰቡ፣ ልጃቸው የወጣባቸው ሁሉ ጽፈውልናል። ስድስቱን መርጠናል። ስማችን ይቅር ስላሉ የአካባቢያቸውን ስም ብቻ ጽፈናል።

«ባለፈው እሑድ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምርጫ ሰልፍ ወጣሁ። ጓደኛዬ ጎትታ ወሰደችኝ እንጂ ፖለቲካ የቤታችንን ደጃፍ አልፎ አያውቅም። እዚያ ስደርስ ግን ሽማግሌውም ወጣቱም አብሮ ሲያጨበጭብ፣ የማላውቃት ሴት ጋቢዋን ስታካፍለኝ፣ "ለካ እኔንም ይመለከተኛል" አልኩ። ቤት ስገባ ወንድሜ ሳቀብኝ። "የሰልፍ ሙቀት ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ እስከ ማታ አያቆየውም" አለኝ። እውነቱን ነው? ይህን ስሜት ምን ላድርገው?» (ከደብረ ብርሃን)

እህታችን፣ ወንድምሽ ስለ ብርዱ ካነሳ፣ ከተማችሁ ብርድ ልብስ የሚሸመንባት መሆኗን አስታውሺው። ሙቀት ይበርዳል፤ የሚያቆየው ሲገኝ ግን ያድራል።

ከነገሩ ግማሹን ግን አውቋል። የሰልፍ ብዛት ድምፅ አይደለም። በ1997ቱ ምርጫ ሚያዝያ 29 ቀን አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ለገዢው ፓርቲ ሞላ፤ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ያው አደባባይ ለተቃዋሚው ቅንጅት ሞላ። አንዱን ቀን ብቻ ያየ ሰው ነገሩ ያለቀ ሊመስለው ይችል ነበር። ድምፅ የተሰጠው ግን ግንቦት 7 ነው፣ በየጣቢያው፣ አንድ በአንድ። ስለዚህ አደባባዩ የሚነግርሽ ማን እንደሚያሸንፍ አይደለም። የሚነግርሽ ብቻሽን አለመሆንሽን ነው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ፤ «እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

አሁን ሙቀቱ ሳይወጣ አንድ ደብተር ያዢና ከመድረኩ የሰማሽውን ቃል በሙሉ ጻፊ። በየቃሉ ትይዩ ሦስት ነገር ይኑር፦ ምን፣ የት፣ በማን እጅ። አብዛኛው የሰልፍ ንግግር ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ለምሳሌ «መንገድ እንሠራለን» ሲባል ደስ ይላል። የትኛውን? ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማበርን ወርዶ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት የፌዴራል ነው። ከወረዳ ወረዳ የሚያገናኘው ጠጠር መንገድ በአብዛኛው የክልሉ ነው። ሰፈርሽ ውስጥ የሚነጠፈው ኮብልስቶን ደግሞ የከተማው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ዕጩ ኮብልስቶን ቃል ከገባልሽ ወይ ሥልጣኑን አያውቅም ወይ አንቺ አታውቂም ብሎ ገምቷል። መብራት የፌዴራሉ ድርጅት ነው፣ የከተማ ውሃ የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው። አፍ ዳገት አይፈራም እንደሚባለው፣ መድረክ ላይ ሁሉም ይቻላል።

ጥያቄም ስትጠይቂ እንዲሁ ነው። «ውሃ መቼ ይገባልናል?» ካልሽ «በቅርቡ» ትባያለሽ፤ ጭብጨባ ይከተላል፤ ያልቃል። «የእኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፤ እርስዎ የሚወዳደሩበት ምክር ቤት ለዚህ በጀት ይመድባል ወይስ ሌላ አካል ነው? ሌላ ከሆነ ከማን ጋር ሆነው ምን ያደርጋሉ?» ካልሽ ግን ሰውዬው ወይ ያስረዳሻል፣ ወይ ይንተባተባል። ሁለቱም መልስ ነው።

ሌላው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለሦስት ሰው ንገሪ። ቡና ላይ ይሁን፣ እድር ላይ ይሁን፣ በማኅበር ቀን ይሁን፣ ስለ ዕጩው ማማር ሳይሆን ደብተርሽ ላይ ስላለው ቃል። ሰው በተናገረው ነገር ይጠየቃል፤ አንቺም ከተናገርሽ በኋላ መመለስ ያሳፍርሻል። ከዚያ የሌላኛውን ፓርቲ ሰልፍ ሂጂ። አዎ፣ የማትወጅውን። ባታጨበጭቢ ማንም አያስገድድሽም፤ ነገር ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የፈረደ ዳኛ እንዴት እንደሚታማ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ። የሚስቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

«ሸዋ ሮቢት ያለን ወጣቶች የምንደግፈውን ዕጩ ይዘን ሰልፍ ልናዘጋጅ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ባለፈው ሌሎች ያዘጋጁት ላይ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ሕዝቡም ዋናው ሰው ሳይናገር ተበተነ። ምን ብናደርግ ይሻላል?» (ከሸዋ ሮቢት)

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል፤ ፈቃድ አይደለም፣ ማሳወቅ ነው። በሰላም መሰብሰብና ሰልፍ ማድረግ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የተሰጠ መብት ነው፤ አካሄዱን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። በአዋጁ መሠረት አዘጋጁ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ከተማ ከሆነ ለከተማው አስተዳደር፣ ገጠር ከሆነ ለወረዳው። ደብዳቤው ላይ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታው፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የሚያልፍበት መንገድ፣ የሚጠበቀው የሰው ብዛት፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ ከመንግሥት የሚፈለገው የጸጥታ እገዛ ይግባ። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ማኅተምና የደረሰበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍበት።

ሰዓቱን ያጠበቅነው ያለምክንያት አይደለም። አስተዳደሩ «በሌላ ጊዜ ወይም በሌላ ቦታ ይሁን» የሚል ከሆነ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ሰዓት ካልተጻፈ ግን 12ቱ ከየት እንደሚቆጠር ክርክር ይነሳል። ሌላው የተለመደ ስሕተት የቀን አቆጣጠር ነው። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ደብዳቤ አስገብቶ ለእሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የጠራ ሰው ሁለት ቀን ቀድሜአለሁ ብሎ ያስባል። ሲቆጠር 41 ሰዓት ነው። ሐሙስ አስገቡ።

ቦታ ስትመርጡ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ 100 ሜትር መራቅ አለባችሁ፤ በገበያ ቀን ገበያው አጠገብም አይሆንም። በእግር ለክታችሁ አረጋግጡ፤ በዓይን «ሩቅ ነው» የተባለ ብዙ ጊዜ 70 ሜትር ሆኖ ይገኛል። ቀን ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጋጫል። የገጠሩ ሰው ሞፈር የማያነሳው በበዓል ቀን ስለሆነ አዘጋጆች 12ን፣ 21ን፣ 27ንና 29ን ይወዳሉ፤ ያን ቀን ግን ደብሩም ሙሉ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ ጠብቁ። ዓርብ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ለጁምዓ ልቀቁ። በቀወትም በኤፍራታና ግድምም ወረዳ ቅዳሴውንም ጁምዓውንም የማያውቅ አዘጋጅ ግማሹን ሕዝብ ከመጀመሪያው አጥቷል።

ሰዓት እንደ አገሩ ነው። እናንተ ቆላ ናችሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ጀምሩና 4 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ሰዓት ሰው አይወጣም፤ እዚያ ከ4 ሰዓት በፊት መጥራት መድረኩን ለነፋስ መስጠት ነው። በሁለቱም ቦታ ከሁለት ሰዓት በላይ ሰው አይቆምም። ሕዝቡ የተበተነባችሁ ምክንያት ይኸው ነው ብለን እንገምታለን፤ «ዋናው ሰው» መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፣ ከእሱ በፊት ሰባት ሰው ሰላምታ አቀረበ። ተናጋሪ ከአራት አይብለጥ፣ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ዕጩውን ሁለተኛ አድርጉት። ቀረርቶና ሽለላ ካለ መክፈቻ ላይ አንዴ ይበቃል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ሞንታርቦ መሬት ላይ ከተቀመጠ የፊተኛው ረድፍ ደረት ይውጠዋል፤ ኋላ ያለው የሚሰማው ጉምጉምታ ነው። በመኪና ወይም በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አንሱት፤ አፉ ከሰው ራስ በላይ ይሁን። ተናጋሪው ከሞንታርቦው ኋላ እንጂ ፊት ለፊት አይቁም፤ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ሲይዝ ነው የሚያፏጨው። ነፋስ ካለ ማይኩን በስፖንጅ አልብሱት፤ ከጠፋ ንጹሕ ካልሲ ይሠራል። ጄኔሬተሩን ከመድረኩ ኋላ 30 ሜትር ያህል አርቁ፣ ገመዱን ቀድማችሁ ለኩ፣ ነዳጁን ከዋዜማው ሙሉት። ሁለተኛ ማይክ ሳትይዙ አትውጡ። ሰልፉ የጠዋት ከሆነ መድረኩን በምዕራብ በኩል አድርጉት፤ ፀሐይ ከሕዝቡ ጀርባ ትሁን። ተናጋሪው ፀሐይ ቢመታው እሱ ይቻለው፤ የሚጠይቅ እሱ አይደለም እንዴ?

ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ለ50 ሰው አንድ መድቡ፤ ክንዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይሰሩ። ለአምቡላንስ የሚሆን 4 ሜትር ክፍት መንገድ ከመጀመሪያው በገመድ ይከለል፤ ሰው ከሞላው በኋላ አይከፈትም። ውሃ ለቆላ ግዴታ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ለ60 ሰው ያህል ብታስቡ አታፍሩም። የሌላውን ፓርቲ ፖስተር ላይ አትለጥፉ፣ አትቅደዱ፤ በምርጫ ሥነ ምግባርም ያስጠይቃል፣ በሰፈርም ያስንቃል።

የመጨረሻውን 30 ደቂቃ ለጥያቄ ተዉ። አንድ ወንድ ከጠየቀ ቀጥሎ ሴት ትጠይቅ፤ ማይክ ይዞ መናገር የሚፈራ በወረቀት ይጻፍ። ይህን ክፍል አዘጋጆች «ሰዓት አለቀ» ብለው ነው የሚቆርጡት፤ እኛ ብንሆን ከንግግሩ እንቆርጥ ነበር።

«ሰልፉ ላይ የመጣነው በአይሱዙ ተጭነን ነው። ቲሸርትና ኮፍያ ሰጡን፣ ለምሳም ትንሽ ብር ደረሰን። አሁን ባለቤቴ "በልተህማ ሌላ ብትመርጥ ኃጢአት ነው" ትለኛለች። እውነት ነው?» (ከሞላሌ)

ቲሸርቱ ልብስ ነው፣ ለቤት ሥራ ይሆናል። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ መጋረጃው የተሰቀለው ለዚሁ ነው። ለባለቤትዎ፣ ለድግስ የተጠራ ሰው ልጁን ለደጋሹ ልጅ የመዳር ዕዳ እንደሌለበት ያስታውሷት። ትራንስፖርትና ቲሸርት የቅስቀሳ ወጪ ነው። «ይህን ያዝና እኛን ምረጥ» ተብሎ የሚሰጥ ብር ግን ሌላ ነው፤ ድምፅ መግዛት ነው፣ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለውን አይቀበሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ያን ቲሸርት ለብሰው ወደ ጣቢያ አይሂዱ። የፓርቲ ምልክት እዚያ አይፈቀድም፤ ሊመልሱዎት ይችላሉ፤ ሞላሌ ላይ ተመልሶ ልብስ ቀይሮ መምጣት ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እርስዎ ያውቃሉ።

«ልጄ ሃያ ዓመቱ ነው። ሰልፍ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። የአካባቢያችንን ሁኔታ ታውቁታላችሁ፤ እሱ ከወጣ እስኪመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ልከልክለው ወይስ ልተወው?» (እናት፣ ከደብረ ሲና)

እናታችን፣ ክልሉ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያየውን ግጭት እርስዎ ከእኛ በላይ ኖረውታል፤ ከዚህ ቁጭ ብለን «አይዞዎት፣ ምንም አይሆንም» አንልም። የሃያ ዓመት ልጅ በክልከላም አይመለስም፤ ተደብቆ መውጣት ይጀምራል፤ ያኔ የት እንዳለም አያውቁም። ስለዚህ ክልከላውን ወደ ጥያቄ ይለውጡት። ሲወጣ ሦስት ነገር ይጠይቁት። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ ወይ? (በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት አዋጅ ሲታወጅ የመሰብሰብ መብት ሊታገድ ይችላል፤ ያኔ ሰልፍ አይወጣም።) አዘጋጁ ማነው፣ ለአስተዳደሩስ በጽሑፍ አሳውቋል ወይ? በስንት ሰዓት ያልቃል? አንዱን እንኳ መመለስ ካልቻለ የሚሄድበትን አያውቅምና ይቅር።

ሦስቱንም ከመለሰ ይሂድ፤ እንዲህ ሆኖ። ዱላ፣ ቢላ፣ ምንም ስለት ነገር አይያዝ፤ በሰላማዊ ሰልፍ መሣሪያ ይዞ መገኘት ክልክል ነው፣ በትርም ቢሆን ከሩቅ ሲታይ ሌላ ይመስላል። መታወቂያ ይያዝ። ስልኩን ሞልቶ ይውጣ፤ የእርስዎን ቁጥር ደግሞ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይክተት፤ ስልክ ሲጠፋ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ወጣት ዛሬ የለም። ጓደኞቹ ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታ ቀድመው ይወስኑ፤ አደባባዩን አይደለም፣ ከአደባባዩ ወጣ ያለ የዘመድ ቤት። መድረኩ ሥር ሳይሆን ዳር ላይ ይቁም፤ ጀርባውን ለግንብና ለአጥር አይስጥ፤ ሰው ሲገፋ የሚጣበቀው እዚያ ነው። ግፊያ ከመጣ እጁን ደረቱ ላይ አጥፎ መተንፈሻ ያብጅ፣ ከግፊያው ጋር አይታገል፣ ወደ ጎን ሰያፍ እየተንቀሳቀሰ ይውጣ። የወደቀ ጫማ ለማንሳት አያጎንብስ። ይህን የመጨረሻውን ደጋግመው ይንገሩት።

ከሁሉ በላይ ግን እኛን የሚያሳስበን መመለሻው ነው። ሰልፉ ደብረ ብርሃን ከሆነ ሲመለስ ጣርማበርን መውረድ አለበት። ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል፣ ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል፣ አዘጋጆች ደግሞ ሰው ለማድረስ አይሱዙ ላይ ደራርበው ይጭናሉ። ጭነት ላይ እንዳይወጣ፣ በሚኒባስ ቦታ ይዞ በጊዜ እንዲነሳ የትራንስፖርቱን ብር እርስዎ ይስጡት። «አልሄድም» ሊልዎ የሚችልበት ሰልፍ ይኖራል፤ «በመኪናው አናት ላይ አልወጣም» እንዲልዎ ግን እናት መለመን አለባት።

እርስዎም ቢሆኑ መራጭ ነዎት። አደባባይ ካልተመቸዎት፣ ዕጩዎች በአዳራሽ የሚከራከሩበት ቀን ሲኖር ወንበር ያለበት፣ በጊዜ የሚያልቅ ነው። ልጅዎ ይዞዎት ይሂድ።

«18 ዓመት ሞልቶኛል። ሦስት ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ የመራጭ ካርድ ግን አላወጣሁም። ጓደኞቼ "ጊዜ አለ" ይላሉ። ምን ያስፈልጋል?» (ከእነዋሪ)

ወንድማችን፣ ሦስት ሰልፍ ወጥቶ ካርድ ያላወጣ ሰው ሦስት ጊዜ ሰርግ አጅቦ ምሳ ሳይበላ የተመለሰ ነው። ጓደኞችህ አንድ ነገር ተምታቶባቸዋል። የመራጮች ምዝገባ የሚከናወነው ምርጫ ቦርድ ባወጣው መርሐ ግብር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቅስቀሳው ሲግል ምዝገባው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ቀበሌህ ሄደህ የምርጫ ጣቢያው የት እንደሆነና መቼ እንደሚዘጋ ጠይቅ።

በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። የምትመዘገበው ራስህ ነህ፤ ውክልና የለም። የቀበሌ መታወቂያ ያዝ፤ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድም ያገለግላል። ምንም ማስረጃ የሌለው ሰው በአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ መታወቂያ የላትም ብለህ አያትህን ቤት አታስቀር። ስምህ፣ የአባትህና የአያትህ ስም መዝገቡ ላይ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመህ አንብብ። «ኃይለ» «ኃይሉ» ሆኖ ተጽፎ በድምፅ መስጫው ቀን መከራከር ከባድ ነው። መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ደግሞ ሄደህ እንደገና እይ። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድም ካለህ እዚያ የተማሪዎች ልዩ ጣቢያ ካለና ከተመዘገበ እነዋሪ መጥቶ እንዳይደግመው ንገረው።

ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን በፊት ያሉት 4 ቀናት ቅስቀሳ የተከለከለባቸው ናቸው። በእነዚያ ቀናት ሰልፍ ጠርቶ የሚመጣ ሰው ካለ ወይ ሕግ አያውቅም ወይ አንተን ችግር ውስጥ እየከተተ ነው። ጸጥ ያለው ጊዜ ለማሰብ ነው። ምርጫው እንደ 2013ቱ በሰኔ ከሆነ ደግሞ ጅሩ ላይ ዝናቡ ገብቶ እርሻ የሚጀመርበት ወቅት ነውና ቤተሰብህ ማን በስንት ሰዓት እንደሚሄድ ተከፋፈሉ፤ በሬውም እንዳይቆም፣ ድምፁም እንዳይቀር። ጣቢያው የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት፣ የሚዘጋው ማታ 12 ሰዓት ነው። ሲዘጋ ተራ ይዞ የቆመ ሰው ድምፁን ሳይሰጥ አይባረርም።

የፓርላማውና የክልል ምክር ቤቱ ምርጫ አብሮ ከተካሄደ የምትቀበለው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱን ሞልተህ ሁለተኛውን ባዶ እንዳትከት። ለአንድ ወንበር ከአንድ ዕጩ በላይ ምልክት ካደረግህ ድምፅህ ይበላሻል። በእኛ ሥርዓት በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም። ለዚህ ነው አንድ መንደር ቤቱ ቢቀር ውጤት የሚለወጠው።

ማታ ደግሞ ወደ ጣቢያው ተመለስ። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ እዚያው ደጃፉ ላይ ይለጠፋል። አንብበህ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ሰልፍ ላይ ከጮህከው ጩኸት ሁሉ ይልቅ ያቺ ፎቶ ጉልበት አላት።

«ሰልፉም አማረ፣ ንግግሩም አማረ። ከዚህ በፊትም አማረ። ካሸነፉ በኋላ ግን አይታዩም። አምስት ዓመት መጠበቅ ብቻ ነው?» (ከመሐል ሜዳ)

እናንተ ይህን ጥያቄ ከሌላው በተሻለ የምትመልሱት ናችሁ። የጓሳን የሣር መሬት ማን ነበር የጠበቀው? የአስቦና የጌራ ሰዎች ሣሩን ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲያስተዳድሩ አለቃውን የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈት ማን መቼ እንደሚያጭድ ይታወቅ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሕጋዊ ጉልበቱን እስኪያጣ ድረስ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር አላለቀም። ያ የሠራው አለቆቹ ደግ ስለነበሩ አይደለም፤ መራጩ ከአለቃው ጋር እዚያው ተራራ ላይ ይውል ስለነበረ ነው። የዛሬው ተመራጭ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ይውላል፤ ችግሩ ርቀቱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና 54 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። መብቱ አለ፤ ነገር ግን ከባድ መሣሪያ ነው፣ ቀላሉን ሳትሞክሩ አታንሱት። ቀላሉ ወረቀት ነው። የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በነሐሴ ወር ለወረዳው እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ለ... ቀበሌ ጤና ኬላ ጥገና በዚህ ዓመት የተመደበው በጀት ስንት ነው? ባለፈው ዓመት ከተመደበው ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ?» አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጉዳይ። አምስት ጉዳይ አንድ ወረቀት ላይ የጻፈ የአንዱንም መልስ አያገኝም። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጉ፤ 30ው የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ተወካያችሁን ለማግኘት ደግሞ ቀን አለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ እረፍት ላይ ነው፤ መንዝ ላይ ግን በክረምት መኪና ጭቃ ላይ ይቀራል፣ ሰውም አይሰበሰብም። የሚቀራችሁ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት ቀናት ናቸው። በነሐሴ መጀመሪያ የግብዣ ደብዳቤ ላኩ፤ በእድሩ ስም፣ ከ15 ያላነሰ ሰው ስምና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት፣ ቦታውና ሰዓቱ የተጻፈ። አጀንዳው ላይ በሰልፉ የተገባውን ቃል ከነቀኑ ቅዱ። ከመጣ ቃሉን የጻፋችሁበትን ደብተር ዘርጉለት። ካልመጣ ስብሰባውን አትሰርዙ፤ ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ «አልተገኙም» ብላችሁ ጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት ቅጂውን ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለፓርቲው ቅርንጫፍና ለራሱ ላኩ።